የእትዬ ዘይነባ ዳማከሴ

ባለፈው ቅዳሜ ወልድያ ገበያ ዳማከሴ በምትሸጥ ሴት አጠገብ ሳልፍ፣ ሽታው መርሳ ወዳደግሁበት ግቢ መለሰኝ።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት አልፎት ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ አጥራቸው ሥር ዳማከሴ ተክለዋል። ምች የመታን ልጆች ሁሉ ወደ እሳቸው እንወሰዳለን። ቅጠሉን በመዳፋቸው አሽተው ጭማቂውን አፍንጫችን ውስጥ ጠብ ያደርጉና የተረፈውን ገላችንን ይቀቡናል። ያቃጥላል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ያልበናል፣ ይቀለናል።

አንድ ቀን ታናሽ እህቴ ሰናይት ራሴን ብላ ተኛች። እናቴ እትዬ ዘይነባን ጠራቻቸው፤ ቅጠል ይዘው መጡ። እህቴ ትንቀጠቀጣለች፤ ስሟን ቢጠሯት አትመልስም። እትዬ ዘይነባ ግንባሯን ዳስሰው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ይህ ምች አይደለም፣ ወባ ነው። ጤና ጣቢያ ውሰጃት።»

«አባቷ እስኪመጣ እንኳ ይሹላት» አለች እናቴ።

«ወላሂ አላሽላትም። ካሸሁላት ይሻላታል ብለሽ ትቀመጫለሽ። እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የተቀመጥኩት።»

የመጨረሻው ንግግራቸው አልገባኝም። እናቴ ግን እህቴን አዝላ ወጣች። እትዬ ዘይነባ ነጠላቸውን አጣፍተው ተከተሏት።

ሰናይት ጤና ጣቢያ ታክማ ዳነች። እትዬ ዘይነባ የበኩር ልጃቸውን ዳማከሴ እያሹ ሲጠብቁ ወባ እንደነጠቃቸው እናቴ የነገረችኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

እህቴ ዛሬ ሲሪንቃ ትኖራለች፤ የልጆች እናት ሆናለች። አምና እትዬ ዘይነባ ሲያርፉ፣ ከልጆቻቸው ጎን ተቀምጣ ለቀስተኛ የተቀበለችው እሷ ነበረች።