ለመሐላው የተገኘው ውሃ

ወሎ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ከጎኔ ጎማ የምትሸጥ ሴትዮ አለች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው የምትሠራው። የማርያም ሥዕል ከግድግዳዋ፣ ነገር ከአፏ አይጠፋም። አንድ ቀን የወረዳው የንግድ ኃላፊ ሱቋን አሸገባት። ወረቀቱ «የእድሳት ጉድለት» ይላል። እውነተኛውን ምክንያት ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ «ሱቁን ለሚስቴ ወንድም ልቀቂለት፣ አለበለዚያ ይታሸጋል» ሲላት እዚያው ቆሜ ነበር።

ከሰሰችው። ምስክሯ እኔ ብቻ ነኝ።

ችግሩ፣ እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ፈቃዴን ባሳደስኩ ቁጥር ለኃላፊው «የሻይ» እሰጠዋለሁ። የምንሰግደውም አንድ መስጊድ ነው። ኢማሙ ሰጪም ተቀባይም እኩል እንደሚጠየቁ ሲናገሩ፣ ሁለታችንም ጎን ለጎን አንገታችንን ደፍተን እንሰማለን።

ለቀጠሮው አንድ ቀን ሲቀረው ኃላፊው ሱቄ መጣ። በዋስ ተለቋል፤ ከሥራም ታግዷል። ወንበር ሳልሰጠው ተቀመጠ።

«ነገ ቁርኣን ይዘህ ልትምል ነው አሉ።»

«ታዲያ የመኪና መሪ ይዤ ልማል?»

ሳቀ። አሳሳቁን አልወደድኩትም።

«ውዱእ ሳታደርግ ያዘው። ሳይታጠቡ የማሉት አይይዝም። አልሰማሁም ትልና በሰላም ቤትህ ትገባለህ።»

«ይሄን ፈትዋ ማን ሰጠህ?»

«ኑሮ። ወንድሜ፣ ከመሰከርክ ጠበቃዬ አንዲት ጥያቄ ብቻ ነው የሚጠይቅህ። ጥያቄዋን ታውቃታለህ።»

ሲወጣ የበሬን ቁልፍ ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው በጣቱ መታ መታ አደረገው።

ፈትዋው ውሸት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ነጋዴ ነኝ፤ ርካሽ ነገር ሲቀርብልኝ ሳላየው አላልፍም። በማግስቱ ሳልታጠብ ጎሮ ካለው ቤቴ ወጣሁ። ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ ቧንቧ አለ፣ እዚያ እወስናለሁ አልኩ። ደርሼ ስከፍተው ፉ አለብኝ። የዚያን ቀን ለዚያ ሰፈር የውሃ ተራ አልነበረም። እውነቱን ልናገር፣ ቀለል አለኝ። እንግዲህ ጥፋቱ የኔ አይደለም፣ የቧንቧው ነው።

ሴትዮዋ ከኋላዬ ቆማ ታየኛለች።

«ለምንድነው ውሃ የምትፈልገው?»

«ሳልታጠብ ቁርኣን አልነካም፣ እትዬ።»

ከቦርሳዋ የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣች። «ጠበል ነው። ካላቃጠለህ።»

«ካቃጠለኝ ጥፋቱ የውሃው አይደለም» አልኩና ቆጥቤ ታጠብኩ። ሰበብ አለቀብኝ።

ማልኩ። የሰማሁትን ተናገርኩ። ጠበቃው ተነሳ።

«እርስዎስ ለተከሳሹ ገንዘብ ሰጥተው ያውቃሉ?»

«አዎ፣ ሰጥቻለሁ።»

የዳኛው ብዕር ቆመ፤ ቀና ብለው አዩኝና መጻፋቸውን ቀጠሉ። ኃላፊው አልተቆጣም። ሰዓቱን አየ። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ስንወጣ ዓቃቤ ሕጉ ስለራሴ ጉዳይ እንደምጠራ ነገረኝ። እጠብቅ ነበር።

ከሴትዮዋ ጋር በአንድ ታክሲ ተመለስን። የኔም በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ «የእድሳት ጉድለት» ይላል። በጣቴ ነካሁት፣ ሙጫው አልደረቀም። እኔ ገና የምስክሩ ወንበር ላይ ሳለሁ የተለጠፈ መሆን አለበት።

ሴትዮዋ ተጠግታ ፊርማውን አነበበች።

«የሱ አይደለም» አለች። «ይሄኛውን ታውቀዋለህ?»

አላውቀውም።

ጠርሙሷን አውጥታ ብርሃን ላይ ያዘችው። ግማሽ ያህል ቀርቷል። ክዳኑን አጠበቀችና መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።