የጋሼ ተሰማ ስም ጌም ላይ

ከአገር የወጣሁ ዕለት ማታ መካኒሳ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ሻንጣዬን የዘጋነው በሞባይል ብርሃን ነው። የአጎቴ ልጅ ህሊና ሻንጣው ላይ ቁጭ ብላ እኔ ዚፑን ስጎትት፣ «በርበሬው ከተበተነ ኤርፖርቱ በሙሉ ያስነጥሳል» እያለች ትስቃለች። አጎቴ ጋሼ ተሰማ ሞባይሉን ይዞ ያበራልናል። ጋሼ ተሰማ የእናቴ ወንድም ነው፤ አባቴ እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ ስለሞተ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ትምህርት ቤት ሲያስመዘግበኝም በራሱ ስም «ዮናስ ተሰማ» ብሎ አስገባኝ። ፓስፖርቴም ላይ ያለው ይኸው ነው።

የምሄደው ፖላንድ ነበር፣ ለሥራ። በበረሃ አይደለም፣ በባሕር አይደለም፣ በጌም ነው የወጣሁት ብላችሁ ትስቁብኝ ይሆናል። መካኒሳ ጌም ቤት ነበረኝ። ልጆቹ የኳስ ጌም ላይ ይጋደላሉ፣ የእኔ ሱስ ደግሞ የድሮ የኮምፒውተር ጌሞችን በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ማስነሳት ነበር። አንድ የድሮ የጦርነት ጌም እምቢ ብሎኝ ብሎኝ፣ በመጨረሻ ሲነሳልኝ እንዴት እንዳደረግኩት ኢንተርኔት ላይ ለጠፍኩት። ዋርሶ ያለ፣ የድሮ ጌሞችን እያደሰ በኢንተርኔት የሚሸጥ ድርጅት አየው። «ና እኛ ጋ ሥራ» አሉኝ። ጌም ቤቱን ለአብሮ አደጌ ለሱራፌል ሸጥኩለትና ተነሳሁ።

ሱራፌል የእትዬ ብርቄ ልጅ ነው። እትዬ ብርቄ ለቡ መብራት ኃይል ነው የሚኖሩት። ባላቸው ደጀኔና ጋሼ ተሰማ አብረው ዘመቱ፣ አብረው ተማረኩ፤ የተመለሰው ግን ጋሼ ተሰማ ብቻ ነው። ሱራፌል ያኔ ገና አልተወለደም። ጋሼ ከዚያ ወዲህ ያንን ቤት ትቶ አያውቅም። ጣሪያው ሲያፈስ እሱ ነው፣ ልጁ ሲታመም እሱ ነው፣ በዓል ሲሆንም ከእኛ ቤት በፊት እዚያ ነው የሚሄደው። ሰፈሩ በሙሉ «ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው» ይላል። እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ።

ታክሲው እስኪመጣ ጋሼ «እስቲ ና ውጪ» አለኝ። የውሃ ታንከሩ አጠገብ ቆምን። ከጥቂት ቀናት በፊት ሥራዬ ምን እንደሆነ ይገባው ብዬ ያንን የጦርነት ጌም ከፍቼ አሳይቼው ነበር። ጌሙ ውስጥ አንድ ቦታ አለ፤ ምርኮኛ ወንበር ላይ ታስሯል፣ ተጫዋቹ እንዴት እንደሚያሠቃየው ይመርጣል፣ ምርኮኛውም በመጨረሻ የጓደኞቹን መደበቂያ ካርታ ላይ ያሳያል። እዚያ ሲደርስ ጋሼ ብድግ ብሎ ወጥቶ ነበር፤ ሰለቸው ብዬ ተውኩት።

«ያ ጌምህ ውሸታም ነው» አለኝ። «እኔንም አስረውኛል። የሬዲዮ ሠራተኛው ማነው አሉኝ። እግዜር ያውቃል፣ አላውቅም ነበር። ውስጥ እግሬን በዱላ ሲሉኝ፣ ሲሉኝ፣ ሲሉኝ… ስም ጠራሁ። እንዲያቆሙ ብቻ። አፌ ላይ የመጣልኝ ደጀኔ ነው፤ አጠገቤ የሚተኛው እሱ ነበራ። ወሰዱት፤ አልተመለሰም።»

ክንዱን ያዝኩት።

«ብርቄ አታውቅም። ህሊናም አታውቅም። አንተ ያንን ነገር ስትነካካ ልትውል ስለሆነ ቢያንስ አንተ እወቀው ብዬ ነው። ከአንተ አይውጣ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩት። ታክሲው ጥሩምባ ነፋ፣ ህሊና ማልቀስ ጀመረች፣ ተቃቀፍን፣ ሄድኩ።

ዋርሶ የመኖሪያ ፈቃድ ቢሮ ከመስታወት ጀርባ የተቀመጠች ሴትዮ ተቀበለችኝ። ተቀበለችኝ ማለት እንኳን ይከብዳል።

«የቤተሰብ ስም?»

«የቤተሰብ ስም የለንም።»

«ቤተሰብ የለህም?»

«ቤተሰብማ አለኝ። ስሙ ነው የሌለን። ሁሉም የየራሱ አለው።»

«ታዲያ ይሄ ተሰማ የሚለው ማነው?»

«ያሳደገኝ ሰው ነው።»

«የእሱስ የቤተሰብ ስም ማነው?»

«ወልዴ።»

«ታዲያ አንተ ለምን ወልዴ አልሆንክም?»

«ወልዴማ አያቴ ናቸው!»

እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ። «ስማ» አለችኝ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አንተ ፓን ተሰማ ነህ። ልጆችህም ተሰማ ናቸው።» ፓን ማለት እንደ አቶ ነው። ከጀርባዬ ያለው ሰልፍ ደጅ ድረስ ደርሷል፣ እሺ አልኩ። ከዚያ በኋላ ባንክ ቤት ፓን ተሰማ፣ መሥሪያ ቤት ፓን ተሰማ። መጀመሪያ ሰሞን ሲጠሩኝ ጋሼ የመጣ እየመሰለኝ ዞር እል ነበር። እያደር ለመድኩት፤ የራሴ ስም ሆነና አረፈው።

አከራዬ ፓኒ ክሪስቲና ትባላለች፤ ፓኒ ደግሞ ወይዘሮ ነው። ሽንኩርት ማቁላላት የጀመርኩ ቀን በሬን ልትሰብረው ደረሰች።

«ፓን ተሰማ! ቤቱ እየተቃጠለ ነው?»

«ሽንኩርት ነው።»

«ያለ ዘይት?»

«ዘይቱ በኋላ ነው የሚገባው።»

«ለምን?»

ለምን? እስቲ እናንተ መልሱላት። እሷም በበኩሏ ዙሬክ የሚባል ሾርባ አመጣችልኝ፤ የተረሳ እርሾ አፍልተው እንቁላል የጣሉበት በሉት። እህል ነው ብዬ ጨረስኩት፤ ሁለተኛ ቀን ግን በልቼ ነው የመጣሁት ብዬ ዋሸኋት።

ብርዱን ስንቱ ጽፎታል፣ እኔ አልደግመውም። እኔን የገደለኝ ጨለማው ነው፤ ገና በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይመሻል፣ ሰው ሁሉ ኮቱን ለብሶ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ። ምሳ ሰዓት አጠገብህ ያለው ሰው «እንብላ» ሳይል ሳንድዊቹን ይገምጣል። እኔ «እንብላ» ስል ቀና ብሎ «አመሰግናለሁ፣ የራሴ አለኝ» ይለኛል። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። ብቻ ከጠዋት እስከ ማታ አንድም ሰው እንዴት አደርክ፣ ምን ሆንክ፣ ማን አለህ ሳይለኝ ይመሻል። ይህን የምነግራችሁ ለሚቀጥለው ነገር ሰበብ ልፈልግ ብዬ ነው መሰለኝ፤ ሰበብ ግን አይሆንም።

ያንን የጦርነት ጌም አድሰን ልንሸጠው ስንል ስብሰባ ተጠራ። የማሠቃያው ቦታ ይቆረጥ ወይስ ይቆይ? ኦላ የምትባል ሠዓሊያችን «ይቆረጥ፣ ሰው በማሠቃየት አንጫወትም» አለች። አለቃችን ማሬክ «የድሮ ጌም የድሮ ነው፤ ከነካነው የገዛው ሰው ሁሉ ይሰድበናል» አለ። ሌላው ደግሞ «በጦርነት ጊዜ ቦምብ ሊፈነዳ ነው እንበል፣ ቦታውን የሚያውቅ ሰው ይዛችኋል፣ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ነገሩን አጦዘው። ቡና እየጠጡ ነው። ብስኩት አለ። አንዱ ያስፈልጋል ይላል፣ አንዱ ሕግ ይከለክላል ይላል፣ እኔ እንደ ልማዴ ጥግ ይዤ ተቀምጫለሁ። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ነው፤ ያስቀሩኝ ያባርሩኝ አላውቅም። ማሬክ ወደ እኔ ዞረ።

«ፓን ተሰማ፣ አንተ አገር ጦርነት ነበር አይደል? ምን ትላለህ?»

ሁሉም አዩኝ። እዚያ ቢሮ ከገባሁ ጀምሮ እንደዚያ ታይቼ አላውቅም።

«የማውቀው አንድ ሰው አለ» ብዬ ጀመርኩ። እኛ አገር የራስን ጉድ ስታወራ «አንድ የማውቀው ሰው» ትላለህ አይደል? ከዚያ በኋላ ግን ያልተናገርኩት ምን ቀረ? ውስጥ እግሩን ተናገርኩ። አጠገቡ የሚተኛውን ጓደኛ ተናገርኩ። በየዓመት በዓሉ ሟች ቤት መሄዱን ሳይቀር ተናገርኩ። «ሰው ሲገረፍ እውነት አይናገርም፣ ስም ነው የሚናገረው፤ የጌማችሁ ውሸት ምርኮኛው ሁልጊዜ እውነቱን መናገሩ ነው» አልኳቸው። የሚያሳፍረኝ መናገሬ ብቻ አይደለም፣ አሳምሬ መናገሬ ነው። ዝም የሚባልበት ቦታ ላይ ዝም ብያለሁ፤ ድምፄን ዝቅ የማደርግበትን አውቄያለሁ። ኦላ አለቀሰች። እኔ ደስ አለኝ። ይኸው፣ ተናገርኩት፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ኮንትራቴ ታደሰ። ሰው በየኮሪደሩ ሰላም ይለኝ ጀመር። ማሬክም መጣና «ቦታውን አንቆርጠውም፣ ጌሙ ሲከፈት ግን ያልከውን አጠር አድርገን እንጽፋለን፤ ስምህን እናስገባ?» አለኝ።

«ኧረ በጭራሽ፣ ስሜን እንዳትጽፉ» አልኩ። ልጠንቀቅ ስል አያችሁ? «የቤተሰብ ስሜን ብቻ ጻፉት፣ ይበቃል።»

እንዲህ ብዬ ነው ራሴን የሸሸግኩት። ዮናስን ደብቄ ተሰማን አወጣሁት! ጭንቅላቴ ውስጥ ተሰማ ማለት እኔ ሆኖ ነበር፤ ስሙ የማን እንደሆነ ረስቼዋለሁ።

ጌሙ ወጣ። እኔም ኩራቴ አላስቀምጥ ብሎኝ ለህሊና በስጦታ ላክሁላት። ደወለችልኝ፤ ድምፅዋ ልክ አልነበረም።

«ዮኒ፣ ምንድነው የጻፋችሁት?»

«የቱን?»

«አባዬን ጠርቼው ነበር፣ የዮኒን ሥራ ና እይ ብዬ። ሲከፈት እያነበብኩ ተረጎምኩለት። ‹ከኢትዮጵያ የመጣው ሚስተር ተሰማ እንደነገረን› ይላል። አባዬ ያንተ ስም! ብዬ ሳቅኩ። ከዚያ ‹በምርኮ የተገረፈ ወታደር ሕመሙ እንዲቆም ብቻ የጓደኛውን ስም ሰጠ፤ ጓደኛው ተወስዶ አልተመለሰም› ይላል። አባዬን ዞሬ ሳየው… መኝታ ቤት ገብቶ ቆልፏል። ዮኒ፣ አባዬ ነው እንዴ?»

ያን ጊዜ መሬት ብትውጠኝ ግልግል ነበር። «አጥፊው፣ አሁኑኑ አጥፊው» አልኳት።

«የኔን ባጠፋውስ? ሱራፌል ፍላሽ ይዞ መጥቶ ገልብጦ ወስዶታል እኮ። ጌም ቤቱ ውስጥ ባሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ ላይ ጭኖታል። የዮኒ ጌም መጣ ብሎ በር ላይ ለጥፏል።»

ሱራፌል! የደጀኔ ልጅ! ተሰማና ደጀኔ አብረው እንደተማረኩ ከእሱ በላይ ማን ያውቃል?

ሮጬ ማሬክ ጋ ሄድኩ። «ጽሑፉን አውጣልኝ፣ እባክህ» አልኩት፤ ምክንያቱንም ነገርኩት። ሰውዬው ፊቱ ገረጣ፤ ልክ ነህ ብሎ በዚያው ቀን በአፕዴት አስወጣው። «ግን ኢንተርኔት ላይ ላልሆነ ኮምፒውተር አፕዴቱ አይደርስም» አለኝ። «ጌማችን ቁልፍ የለውም፤ አንዴ ያወረደው ሰው ለዘላለም የእሱ ነው፣ እኛም ልንነጥቀው አንችልም።» ይህን እኔው ራሴ ለደንበኞች ስንት ጊዜ በኩራት ጽፌዋለሁ። የሱራፌል ኮምፒውተሮች ደግሞ ኢንተርኔት አያውቁም። አፕዴት ዳታ ይበላል፣ እንዳታገናኛቸው ብዬ የመከርኩት እኔ ነኝ።

ሱራፌል ጋ ደውዬ ጌሙን አጥፋው እንዳልለው፣ ለምን ሲለኝ ምን እላለሁ? ጋሼ ጋ ስደውል አያነሳም። ቢሮ ውስጥ ፓን ተሰማ ብለው በጠሩኝ ቁጥር ፊቴ ይነዳል።

ቅዳሜ ከሰዓት ስልኬ ጠራ፤ ጋሼ ነው።

«ዮኒ፣ ለቡ ነኝ። ብርቄ በር ላይ ቆሜያለሁ።»

«ጋሼ፣ ጋሼ ይቅር በለኝ፣ እኔ…»

«ተወው አሁን። ሱራፌል እስካሁን አላነበበውም፤ እሱ ጽሑፍ ሲያይ ዘሎ ነው የሚያልፈው። ዛሬ ባያነበው ነገ አንዱ ያነብለታል። ብርቄ ከስክሪን ከምትሰማው ከእኔ ትስማው።» ትንፋሹ ይሰማኛል። «ስልኩን እንዳትዘጋ። ከዚህ በፊት የነገርኩት ሰው አንተ ብቻ ነህ። ብቻዬን አልችለውም።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ያቺኑ እሺ።

በሩ ተንኳኳ። «ማነው?» የሚል የእትዬ ብርቄ ድምፅ መጣ። «ውይ ተሰማ! ምነው ሳትደውል? ግባ እንጂ፣ በር ላይ ምን ያስቆምሃል?» ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ጋሼ «ብርቄ፣ እስቲ ቁጭ በይ» አለ። «ስለ ደጀኔ ነው» አለ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረ። ጋሼን በሕይወቴ ሲያለቅስ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ስልኩ እጅ ለወጠ።

«ሃሎ? ማነው?»

«እኔ ነኝ እትዬ፣ ዮናስ።»

«ዮኒዬ! ደህና ነህ ልጄ? ብርዱ እንዴት አረገህ? ትበላለህ?» አሉኝና ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። «እኔ የምልህ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖብኝ ነው? ደጀኔ ብሎ ጀምሮ ያለቅስብኛል። አንተ ታውቃለህ?»

ለዚያ ሁሉ ብስኩት የሚበላ ሰው አሳምሬ ያወራሁት ሰውዬ አንዲት ቃል አጣሁ።

«ዮኒ? አለህ?»

«አለሁ፣ እትዬ።»