ከካሜራው ውጭ የቆዩት ሰባት ሰከንዶች

ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ትነሣለች፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሆን የዕቃ ማመላለሻ ድርጅቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለውን የብረት በር ትከፍታለች፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ የሰው ወርቅ፣ የሰው ዕንቁና የሰው ሰዓት ስታሽግ ትውላለች። ቅዳሜ ልብስ ታጥባለች። እሑድ ሌላ ከተማ የሚኖረው ታናሽ ወንድሟ ይደውላል። «አለሽ?» ይላታል። «አለሁ» ትለዋለች። ስለ ዝናቡ ወይም ስለ ፀሐዩ ጥቂት ይነጋገሩና ይዘጋሉ።

ስሟ በሠራተኞች መዝገብ ላይ ብቻ የቀረ ይመስላል፤ በመሥሪያ ቤቱ ትልቁም ትንሹም «እትዬ ማኅተም» ይላታል። እስከዚህ ዓመት ድረስ እሷ ባሸገችው ዕቃ አንድም አቤቱታ ቀርቦ አያውቅም ነበር።

ሥራዋ፣ ሲያሳጥሩት፣ ያለውን ነገር የሌለ ማስመሰል ነው። ቀለበት ከሆነ በጥጥ ትጠቀልለዋለች፤ ጥጡን በትንሽ ሣጥን፣ ሣጥኑን በስፖንጅ፣ ስፖንጁን ደግሞ መጠኑ ከይዘቱ ጋር ጨርሶ በማይገናኝ ተራ ካርቶን ውስጥ ትከታለች። ካርቶኑ ሲነቀነቅ ድምፅ መስጠት የለበትም። በላዩም የወርቅ ቤት ስም ወይም «በጥንቃቄ ይያዝ» የሚል ጽሑፍ አይወጣበትም። ሥራውን ሊለምድ የመጣ ሠራተኛ ይህን ረስቶ ከተገኘ፣ «እንዲህ ብለህ ከጻፍክበት ሌባውን በስሙ ጠርተህ ምሳ እንደ ጋበዝከው ቁጠረው» ትለዋለች። ዋጋ አሳንሰው ማስመዝገብ የሚፈልጉ ላኪዎችንም የምትመልሳቸው በዚያው ለዛ ነው፤ «የኔ እመቤት፣ ሲላክ ጨርቅ፣ ሲጠፋ አልማዝ የሚሆን ዕቃ የለም። መድን የሚክሰው የጻፉትን እንጂ በልብዎ የያዙትን አይደለም።»

ካሜራ ከመምጣቱ በፊት የድርጅቱ እምነት የተጣለው በሁለት ሰው ዓይን ላይ ነበር። ላኪው ዕቃውን በግድግዳው ላይ ባለች ትንሽ መስኮት ያቀብላል፤ በኮሪደሩ የሚያልፍ ሰው የት እንደ ገባ እንዳያይ መስኮቷ ትዘጋለች፤ ከዚያ በኋላ ዕቃው የሁለት ሴቶች ምስጢር ይሆናል። አሻጊዋ ዕቃውን በጣቶቿ ይዛ፣ ከጠረጴዛው በስተግራ ወደ ተቀመጠችው ምስክር ትዘረጋለች። «አየሽ?» ትላለች። «አየሁ» ትላለች ምስክሯ፤ ትፈርማለች። ይህ ሳይሆን ጥጡ አይጠቀለልም።

ሁለቱ ሴቶች እንዲህ ሲባባሉ ሃያ ሁለት ዓመት ኖረዋል። በ«አየሽ» እና በ«አየሁ» መካከል ምስክሯ ልጅ ድራለች፣ አሻጊዋ እናቷን ቀብራለች፣ አራት ኃላፊዎች መጥተው ሄደዋል፤ አራቱም ታምተዋል። ምስክሯ ምላሷ ስለት ነበር። የቀለበቱ ድንጋይ ተለቅ ያለ እንደ ሆነ፣ «ይኼ ሰውዬ ሚስቱን ክፉኛ በድሏታል» ትላለች፤ «ስጦታ እንዳይመስልሽ፤ የበደሉን ክብደት እይው!»

ከሁለት ዓመት በፊት ከአሻጊዋ ራስ በላይ ካሜራ ተሰቀለ። ምስክሯ ጡረታ ወጥታ ልጇ ወዳለበት ከተማ ሄደች። መጀመሪያ በየሳምንቱ ትደውል ነበር፤ ቀጥሎ በወር አንዴ ሆነ፤ ኋላ የልጅ ልጅ መጣ፣ ስልኩ ቀረ። ወንበሯን ግን ከክፍሉ የሚያወጣው ሰው አልተገኘም። ካሜራው ቁልቁል ጠረጴዛውን ብቻ ያያል፤ ድምፅ አይቀዳም፤ ወንበሩም ከዓይኑ ውጭ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ጡረታ የወጡ የሰዓት ጠጋኝ የሟች ባለቤታቸውን ቀለበት በመሐረብ ጠቅልለው በመስኮቷ አቀበሏት። የሚላከው ሌላ አገር ላለች አንዲት ልጃቸው ነው። አሻጊዋ መስኮቷን ዘጋች፤ አሸገች፤ «ላኪው እንደ ገለጹት፦ አንድ የወርቅ ቀለበት» የሚል ደረሰኝ ሰጠቻቸው። ከአምስት ቀን በኋላ ካርቶኑ ደረሰ። ልጅቱ በደንቡ መሠረት ዕቃውን ባደረሰው ሠራተኛ ፊት ከፈተችው። ሣጥኑም ጥጡም ነበሩ፤ ቀለበቱ አልነበረም። የካርቶኑ ታች ተከፍቶ በሌላ ፕላስተር ተመልሶ ተለጥፏል።

ባለፈው ሰኞ ከመድን ድርጅቱ አንድ ወጣት መርማሪ መጣ፤ የዚያን ቀኑን ምስል በኮምፒውተር ከፍቶ አሻጊዋን ከአጠገቡ አስቀመጣት።

«እትዬ፣ ካርቶኑ መንገድ ላይ መከፈቱን አምነናል» አለ። «ያልታወቀው ሲከፈት ቀለበቱ ውስጡ መኖሩ ነው። ሚዛናችሁ ቀለበት የሚያህል ነገር ለይቶ አያነብም። የቀረን ይኼ ምስል ነው። ይኸው መሐረቡን ይዘዋል። ገና ሳይፈቱት እጅዎ ወደ ግራ ሄዶ ከምስሉ ወጣ። ሰባት ሰከንድ። ሲመለስ ጨብጠዋል፤ እንደ ጨበጡ ጥጡ ውስጥ ከተቱ። ቀለበቱ የታለ?»

«ጥጡ ውስጥ ነዋ!»

«አይታይማ።»

«አንተ ባታየው እኔ አይቼዋለሁ።»

«እሱን ማን ካደ? እጅዎ ወዴት ሄዶ ነው ግን?»

«መቀስ ላነሣ ነበር።»

መርማሪው ሳይስቅ፣ በእስክሪብቶው ጫፍ ከምስሉ ቀኝ ጥግ ላይ ነካ አደረገ። «መቀሱማ ይኸው እዚህ ተጋድሟል፣ እትዬ።»

አሻጊዋ ለሠላሳ ዓመት ያህል ያገለገላትን መቀስ እንደ ሐሰተኛ ምስክር አየችው።

መርማሪው ክፉ ሰው አልነበረም። ምርጫውን በቀስታ አስረዳት። ዕቃው ከምስል የወጣው በእሷ የአሠራር ስህተት መሆኑን፣ ምክንያቱንም ሳትደብቅ ከጻፈች፣ ቀለበቱ እንደ ታሸገ ይቆጠራል፤ ባለቤቱም በድርጅቱ መድን ይካሳሉ። ካልጻፈች መዝገቡ «ይዘቱ ያልተረጋገጠ» ተብሎ ይዘጋል፤ ሽማግሌው የሚመለስላቸው የመላኪያው ክፍያ ብቻ ይሆናል፤ እሷን ግን ማንም አይነካትም። «‹ረሳሁ› የሚል ቃል አይበቃም፤ አሳማኝ መሆን አለበት» አለ። «እስከ ዓርብ ያስቡበት።»

የሚታሰብበት ነገር አልነበረም፤ ምክንያቱን ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ፣ በእያንዳንዱ ዕቃ፣ እጇን ወደ ባዶ ወንበር እየዘረጋች «አየሽ?» ስትል ኖራለች። መልሱንም በልቧ ትሰማለች። ይህን በወረቀት አስፍሮ ማስረከብ ማለት ማኅተሙንም፣ ክፍሉንም፣ ጥሩ ስሙንም አብሮ ማስረከብ ነው። ጡረታ ልትወጣ ሦስት ዓመት ሲቀራት፣ «እትዬ ማኅተም ነካ አድርጓታል አሉ» ሲባል፣ በየደረጃው ሲሳቅ በጆሮዋ የሰማችው መሰላት። ዝም ያለ ሰው ግን ቢጠረጠር እንጂ አይሳቅበትም።

ማክሰኞ ግራ እጇን ከጠረጴዛው ሥር አድርጋ በቀኟ ብቻ ለመሥራት ሞከረች። ከረፋዱ ላይ የአንዲት ሙሽራ ጉትቻ ሲመጣ፣ ሳታውቀው ግራ እጇ ከተደበቀበት ወጥቶ ወደ ወንበሩ ተዘርግቶ አገኘችው። ደንግጣ ሰበሰበችው፤ ጉትቻውን በካሜራው ፊት ዘርግታ ረጅም ጊዜ ያዘችው፤ ካሜራው ግን «አየሁ» አይልም።

በዚያ ምሽት ሁለት ክፍል ቤቷ ገብታ ሬዲዮ ከፈተች። ዜናውን ለመስማት አልነበረም፤ ቤት ውስጥ የሚናገር ሰው እንዲኖር ብላ ነው። ራቷን ሳትጨርስ ለወንድሟ ደወለች።

«ምነው? ማን ሞተ?» አለ ወንድሟ ገና እንዳነሣው።

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ዛሬ እሑድ ነው እንዴ?»

«አይደለም። ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው።»

«አሞሻል እንዴ፣ እህቴ? ሐኪም ዘንድ ሂጂ እንጂ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ደኅና ነኝ። በል ልጆቹን ሳምልኝ» ብላ ዘጋች። ማክሰኞ በመደወሏ ብቻ ታናሽ ወንድሟን እንዲህ ካስደነገጠች፣ ወንበር ማነጋገሯ ቢሰማ አገሩ ሁሉ ምን ሊል እንደሚችል ቁጭ ብላ አሰበች።

ረቡዕ ከምሳ በፊት መስኮቷ ተንኳኳ። የሰዓት ጠጋኙ ሽማግሌ ናቸው። ስለ ካሳው ሊጠይቁ የመጡ መስሏት ፈጠን ብላ፣ «አባባ፣ ገና አልተወሰነም» አለቻቸው።

«ካሳው ይቅርና፣ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መሐረቡን አንቺ ነሽ የፈታሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ቀለበቱን አይተሻል?»

«አይቻለሁ፣ አባባ። ቀይ ድንጋይ ያለው፣ ከውስጥ በኩል የሳሳ።»

ሽማግሌው የመስኮቷን ደፍ በሁለት እጃቸው ያዙ። ታሪኩን የነገሯት ቆመው ነው። ባለቤታቸው በታመመች ጊዜ አምባሯን ሸጠው መድኃኒት ገዝተው ነበር፤ ልጅቱ ስትጠይቃቸው ግን «በሣጥን ተቀምጧል» አሏት። እናቷ ከሞተች በኋላ ውሸቱ ተገለጠ። አሁን ከመድን ድርጅቱ «ቀለበቱ ሲታሸግ በምስል አልታየም» የሚል መልእክት ሲደርሳት፣ ቀለበቱም የአምባሩ ዕጣ እንደ ደረሰው አመነች።

«‹ደግሞ ሸጥከው› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስደውል አታነሣም» አሉ ሽማግሌው። «ሃምሳ ዓመት የሰው ሰዓት ስጠግን አንድ ብሎን ቀረ ያለኝ የለም። በልጄ ፊት ግን አንድ ጊዜ ዋሽቻለሁና አሁን ብምልም አይሠራልኝ። አንቺ ካየሽ፣ ያየሽውን ብትናገሪልኝ ብዬ ነው። እኔና አንቺ እንጂ ሌላ ያየ የለም።»

«ይህን ልጠይቅ ብለው በእግርዎ ሦስት ፎቅ ወጡ?»

«ሊፍታችሁ ‹ተበላሽቷል› የሚል ወረቀት ለጥፋችሁበታል፤ ምን ላድርግ? ካሻችሁ ለሱም መጠገኛ አላጣ» አሉና ፈገግ ሊሉ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

ሲወርዱ የእግራቸውን ኮቴ እስከ ታችኛው ፎቅ ድረስ ቆጠረችው። በየእርከኑ ይቆሙ ነበር።

ዓርብ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አንድ ገጽ ጽፋ ለኃላፊው አቀረበች። «ቀለበቱን ከምስል ያወጣሁት በስተግራ ወዳለው ወንበር ለማሳየት ነው» ይላል ጽሑፉ። «ወንበሩ ላይ ሰው አልነበረም፤ አለመኖሩንም አውቅ ነበር። የቀድሞ ባልደረባዬ ከሄደች ጀምሮ በየቀኑ እንዲሁ አደርጋለሁ፤ የሌሎች ቀናት ምስሎች ቢታዩ ይመሰክራሉ። መሐረቡን እዚያው ከምስሉ ውጭ የፈታሁት፣ ቀለበቱን ያየሁት፣ ጥጥ ውስጥ የከተትሁትም እኔ ነኝ።»

ኃላፊው ሁለት ጊዜ አነበበው፤ መነጽሩን አወለቀ። «እትዬ፣ ‹ወንበር› የምትለዋን ብናወጣት? ‹በቆየ ልማድ› ብንል ምን ይጎድለናል? ሰው ይስቃል እኮ።»

«ይሳቅ። ‹ልማድ› ካልን መርማሪው ‹የምን ልማድ?› ብሎ ይመልሰዋል፤ እኔም ዳግመኛ ለመጻፍ ድፍረት አላገኝም።»

«ከሰኞ ጀምሮ ማሸጊያ ክፍል መግባት አይችሉም። የት እንደምመድብዎም ገና አላውቅም።»

«ገብቶኛል።»

«እስከ ሰኞ ይዤው ልቆይ? ቅዳሜና እሑድን ያስቡበት።»

«የለም፣ ዛሬ ይሂድ» አለች፤ በፊቱ ፈረመችበት።

ውሳኔው ተጽፎ ለልጅቱ እስኪደርስ ሁለት ሳምንት እንደሚፈጅ ኃላፊው ነገራት። አሻጊዋ ያን ያህል ላለመጠበቅ ወሰነች። ሠራተኛ ዕቃ ተቀባይን በግል እንዳያነጋግር የሚከለክለውን ደንብ በቃሏ ታውቀዋለች፤ ለአዲስ ገቢዎች ስታስተምረው ኖራለች። የመላኪያ ቅጹን ከመዝገቡ አወጣች፤ ከኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ስልኩን ወደ ራሷ ሳበች፤ እሱ እያያት የሽማግሌውን ልጅ ቁጥር አንድ በአንድ መታች።