የማን ልጅ ነሽ?

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ አሜሪካ ውስጥ ማውንት ቤከር በሚባል ሰፈር ባለው የሴት አያቴ ቤት ነው። ጎረቤታችን የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ተወላጅ ናቸው፤ በልጅነታቸው መንግሥት ከእናታቸው ጉያ በግድ ስለወሰዳቸው የካሳ ቅጽ እንድሞላላቸው መጡ። ከቅጹ ላይ የእናታቸውን ስም ስጠይቃቸው «አላውቅም» አሉ።

አያቴ ላገኙት ሰው ሁሉ የሚያቀርቡትን ጥያቄ አነሱ።

«የማን ልጅ ነሽ በያት።»

«እማዬ፣ ይሄማ ይከብዳቸዋል።»

«አንቺ ተርጉሚ። የእናቷ ስም ቢጠፋ እናቷ አልጠፋችም።»

አፍሬ ተረጎምኩ። ጎረቤታችን «የእናቴ እጆች በጭስ የደረቀ ዓሣ ይሸቱ ነበር» አሉ። ከዚያ ማን ያስቁማቸው! አያቴ ሁሉንም በሌላ ወረቀት አስጻፉኝ። እንዴት ደፍረው እንደጠየቁ ዛሬም ይደንቀኛል።

የጎረቤታችን ታሪክ ተጽፎ ሳያልቅ አያቴ አረፉ፤ ቅዳሜ ቀበርናቸው። በማግስቱ ጠዋት የጎረቤታችንን በር አንኳኳሁ፤ ብዕሬን አውጥቼ ብቻዬን «የማን ልጅ ነዎት?» አልኳቸው።