አይ ያልሁበት ቀን

ዳማው ከሞተ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። ጋጣው ውስጥ አሁን ፍየሎች ያድራሉ። እኔ ግን ዛሬም በዚያ በር ሳልፍ እጄ ሳላዝዘው ኪሴ ይገባና ተምር ይፈልጋል። ተምር ነፍሱ ነበር፤ ሥጋውን ይበላና ፍሬዋን መልሶ መዳፌ ላይ ይተፋታል። ሰዎች «ለፈረስ እንዲህ ይታዘናል እንዴ?» ይሉኛል። ምን ያውቃሉ እነሱ! መሞቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም እስካሁን በረሳሁት። የሚያንገበግበኝ አሟሟቱ ነው። ዳማው የሞተው በኔ አፍ ነው።

ለአንድ የሰሊጥ አጨዳ ብዬ ከመተማ ተሻግሬ እዚሁ የቀረሁ ሰው ነኝ። የፈረሱ ባለቤት ከገዳሪፍ ወደ መፋዛ በሚወስደው መንገድ ዳር እርሻ ያላቸው ሱዳናዊ ሽማግሌ ናቸው። ሐጂ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ «ያ ዞል» ይሉኛል፣ አንተ ሰው ማለት ነው። ማጭድ ይዤ ግቢያቸው ገባሁ፣ ልጓም ይዤ ቀረሁ።

ዳማው የጥሩ ዐረብ ዘር ድንጉላ ነበር። ከሩቅ ድረስ ባዝራ እየጎተቱ ሊያስጠቁበት ይመጡ ነበር፤ በዚህ አካባቢ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ውርንጭላ ካያችሁ የሱ ልጅ ነው። ረጅም የዐረብኛ ስም ነበረው። እኔ ግን በቀለሙ ዳማው እለው ነበር፣ የሚሰማውም በዚሁ ነው። ቁጡ ነበር፤ እኔም ቁጡ ነኝ፤ ስለዚህ ተዋደድን። ሌላ ሰው ሲቀርበው ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ ይነክሳል። ውኃ ደግሞ እኔ ካላፏጨሁለት አይጠጣም። ባልዲው ሞልቶ ፊቱ ቢቀመጥ እንኳ ቀና ብሎ ያየኛል፣ «በል እንጂ!» እንደማለት። ሐጂ «ይኸ ፈረስ ሐበሻ ሆነብኝ» እያሉ ይስቁ ነበር።

አሁን ስለ አንዲት ቃል ልናገር፣ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በሷ ነውና። በአማርኛ «አይ» ማለት አይደለም ነው። በሱዳን ዐረብኛ ግን «አይ» ማለት አዎ ነው። አዲስ የመጣ ያገራችን ሰው በዚህች ቃል አንድ ጊዜ ሳይወድቅ አያልፍም። ሻይ ቤት ተቀምጦ «ስኳር ልጨምርልህ?» ሲሉት «አይ» ይላል፤ ይጨምሩለታል። «ኧረ አይ!» ይላል፤ አሁንም ይጨምሩለታል። በዚህ ስንቱን ሰው ስቄበታለሁ! እኔም ገና አዲስ ሳለሁ ወድቄባታለሁ። ሚስቴ በረሀቡ ዘመን በናቷ ጀርባ ታዝላ ገብታ እዚሁ ያደገች ናት። የተጋባን ሰሞን «ትወጅኛለሽ?» ብላት «አይ» አለችኝ። ሦስት ቀን አኮረፍኋት። ሲገባኝ ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፣ ከዚያ ወዲያ እችን ቃል አልሳሳትም ብዬ ነበር።

ዳማው የሞተ ሰሞን ሐጂ ዘመድ ሞቶባቸው ከሰላ ከተማ ለቅሶ ሄደዋል። የፈረስ በሽታ የሚያውቀው የእንስሳት ሐኪምም ጦርነቱን ሸሽቶ ከካርቱም የመጣ ሰው ነው፣ የሚኖረው እዚያው ከሰላ ነው፤ ስልኩም ያለው ሐጂ ዘንድ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ዳማውን ቁርጠት ይዞት ሲያድነው ለኔም ለሐጂም ሕግ አውጥቶልን ነበር። «ተኝቶ እንዳይንከባለል አንሸራሽሩት። ፋንድያ ከጣለ ተርፏል፣ አትጨነቁ። ካልጣለ ግን አንዲት ሰዓት አታባክኑ፣ ጥሩኝ። አንጀቱ አንዴ ከተጠማዘዘ እኔም አላድነው» ነበር ያለን።

አንድ ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጋጣ ስገባ የማታው ድርቆሽ እንዳለ አለ። ዳማው ዞር እያለ ጎኑን ያያል፣ በፊት እግሩ መሬቱን ይጭራል። ከበታቹ አየሁ፤ አንዲት ፋንድያ የለም። ጆሮዬን ሽንጡ ላይ ለጠፍሁ። ሌላ ቀን ሆዱ ሲንቋቋ ከበር ላይ ይሰማል፣ ያን ቀን ጭጭ አለ።

ገመዱን ለሚስቴ ሰጥቼ የውኃው ታንከር መሰላል ላይ ወጣሁ፤ ስልክ የሚይዘው እዚያ ጫፍ ላይ ብቻ ነው። እየተቋረጠ እየደወልሁ፣ በስንት መከራ ሐጂ አነሱ። በዐረብኛ «ፈረሱን ቁርጠት ያዘው!» አልኋቸው። ድምፃቸው እየተቆራረጠ «ፋንድያ ጥሏል?» አሉኝ።

«አይ!» አልሁ። «አይ ሐጂ፣ አይ!»

«አልሐምዱ ሊላህ» አሉ። መስመሩ ጠፋ።

ትንሽ ገርሞኝ ነበር። ግን እሳቸው በክፉም በደግም ያመሰግናሉ፤ እኛስ ብንሆን እግራችን ተሰብሮ «ተመስገን» እንል የለም? ሐኪሙን ይዘው ተነሱ ብዬ ሰዓት መቁጠር ጀመርሁ። ኬላው ሁሉ ተጨምሮ፣ ቢዘገዩ ስምንት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። እስከዚያ እሱን በእግሩ ማቆየት የኔ ፋንታ ነው።

ግቢውን ዞርነው፣ ዞርነው። ጉልበቱ ሊከዳው ሲል እጮህበታለሁ፣ ሊተኛ ሲል በትከሻዬ እደግፈዋለሁ። ላቡ ከሆዱ ሥር ይንጠባጠባል። ባልዲ አቀረብሁና አፏጨሁለት። ከንፈሩን ውኃው ውስጥ ነከረ እንጂ አልዋጠም፤ እኔን ላለማሳዘን ነው የነከረው እላለሁ። «ፈረሰኛው ሰማዕት» አልሁ፣ «የፈረስን ነገር ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። እባክህ አንዲት ፋንድያ! ሌላ ምንም አልለምንህም።» በሕይወቴ እንዲህ ያለ ልመና ለምኜ አላውቅም፤ ሌላ ቀን ቢሆን በራሴ እስቅ ነበር።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሚስቴ ገመዱን ልትቀበለኝ መጣች።

«ሐጂ ግን ምን አሉህ?»

«አልሐምዱ ሊላህ አሉ።»

«ታሟል ስትላቸው? አልሐምዱ ሊላህ?»

«ፋንድያ ጥሏል ወይ አሉኝ፣ አይ አልኋቸው፣ ከዚያ አልሐምዱ ሊላህ አሉ።»

ሚስቴ ባለችበት ቀጥ አለች።

«አይ አልሃቸው? በየትኛው?» አለች።

ወየው ጉዴ! ሃያ ዓመት ዐረብኛ ስናገር ኖሬ በዚያች ደቂቃ ከአፌ የወጣው የናቴ ቋንቋ ነው። ጥሏል ብያቸዋለሁ፣ ያውም ሦስት ጊዜ። ሐጂ ተረፈልኝ ብለው ለቅሶ ቤት ተቀምጠዋል፤ ማንም ወደኛ እየመጣ አይደለም። ስስቅበት የኖርሁት ነገር በኔው ደረሰ፣ የደረሰው ደግሞ በዳማው ሆድ ላይ ነው።

«ምን ቆመሃል፣ ሂድ እንጂ!» አለች፣ ገመዱን ከእጄ መንጭቃ።

መሰላሉ ላይ ወጣሁ። ኔትወርኩ ከነጭራሹ ጠፍቷል። ወረድሁ፣ ተመልሼ ወጣሁ፣ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘረጋሁት፤ ምንም የለም። ከዚያ ወደ አስፋልቱ ሮጥሁ። እዚያ የተገተርሁበት ጊዜ ዓመት ሆነብኝ። በመጨረሻ የከሰላ አውቶቡስ ሲመጣ መሐል መንገድ ላይ ቆምሁበት። ሹፌሩ ያልሰደበኝ ስድብ የለም። ይገባኛል፣ ይስደበኝ። የለቅሶ ቤቱን ሰፈር ነገርሁትና «አንዲት ቃል ብቻ ለሐጂ አድርስልኝ» አልሁት።

«ምን ልበላቸው?»

«‹ላ› በላቸው! ላ፣ አልጣለም፣ ላ!»

ላ በዐረብኛ አይደለም ማለት ነው። ጠዋት ከአፌ መውጣት የነበረባት እሷ ነበረች። ተሳፋሪው ሳቀ፣ ሹፌሩ ግን ፊቴን አይቶ አልሳቀም። እሺ ብሎኝ ሄደ። አውቶቡሱ ከሰላ የሚገባው ጀምበር ስትጠልቅ ነው፤ ወደ ግቢ ስሮጥ ይህን አውቀው ነበር።

ስደርስ ዳማው ወድቋል። ሚስቴ ልታነሣው ስትጎትት ገመዱ መዳፏን ልጦታል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማንም አልተረክሁትም፣ አሁንም ብዙ አልናገርም። ራሱን ከመሬት ጋር ያጋጨው ነበር። ፈረስ እንዲያ እንደሚቃትት አላውቅም ነበር። ከእግሩ ሸሽቼ ከአንገቱ ዘንድ ተቀመጥሁ፣ ጋማውን ይዤ «ይቅር በለኝ» እለዋለሁ፣ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በዐረብኛ፤ የትኛው እንደሚገባው እንጃ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሲደክመው ጸጥ አለ። አፏጨሁለት። አንድ ጆሮውን አነሣ፣ ከዚያ ጆሮው ቀስ ብሎ ወረደ። እሪ ብዬ አለቀስሁ፣ አላፍርበትም።

ሹፌሩ፣ ዕድሜ ይስጠው፣ መልእክቱን አድርሶ ኖሯል። ኬላው ማታ ስለማያሳልፍ ሐጂ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው ረፋድ ላይ ከሐኪሙ ጋር ደረሱ። ከመኪናው ሲወርዱ እጃቸው ላይ ቀይ ዘርፍ ያለው አዲስ ልባብ ይዘዋል። ከስልኩ በኋላ፣ ፈረሴ ተረፈ ብለው ደስ ብሏቸው ከከሰላ ገበያ የገዙለት ነው። ሻሽ የለበሰውን ሬሳ ሲያዩ ቆሙ፤ ሚስቴ ዝንብ እንዳይወረው የራሷን ሻሽ ፊቱ ላይ ጥላበት ነበር።

«አይ ብለኸኝ ነበር» አሉኝ። ቁጣ የለበትም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«አይ ብዬዎት ነበር» አልሁ።

ሁለታችንም እውነታችንን ነበር። ሐኪሙ ወደ ሌላ አየ። ሐጂ ተንበርክከው ሻሹን ገለጥ አደረጉና ልባቡን በዚያ በደረቀ ራስ ላይ ማጥለቅ ጀመሩ። ማሰሪያውን እኔ ቋጠርሁላቸው። የጨረስን ጊዜ፣ ዓይኔን ሳያዩ፣ «ያ ዞል፣ ብዙ ተሰቃየ?» አሉኝ።

የተቆፈረውን መሬት አየሁ። በኮቴው የቆፈረው ነው። እሳቸው ግን የሚያዩት ልባቡን ብቻ ነበር።

«ላ» አልሁ። «ላ፣ ሐጂ።»

«አልሐምዱ ሊላህ» አሉ።