ውሃ የተሻገረ ሽምግልና

እኔ ፈረስ ላይ ሆኜ ፈርቼ አላውቅም። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ልኩራራም ብዬ ነው። አዊ ተወልዶ በፈረሱ የማይኮራ ሰው ካለ ታሟል ማለት ነውና ይጠየቅ። ቤታችን ከዘንገና ሐይቅ አፋፍ እምብዛም አይርቅም። ከብቶቻችን እዚያው ዳር ይግጣሉ፣ ልጆቻችን በዚያው መንገድ ትምህርት ቤት ይመላለሳሉ። ታዲያ ስድሳውን አልፌ ውሃው ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ደርሶብኝ አያውቅም ነበር። ሐይቅ ለእኛ የሚታይ ነገር ነው እንጂ የሚገባበት አይደለም። ጥልቀቱን የሚያውቅ አላጋጠመኝም፤ ላውቅ የሚልም አላየሁም።

የእህቴ ልጅ ግን ሌላ ሆነብኝ። እናቱ ስትሞት ገና ኮርቻ ላይ ብቻውን መቀመጥ የማይችል ሕፃን ነበር። ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ከፊቴ አስቀምጬ ገበያ ይዤው ስሄድ ልጓሙን በትንንሽ ጣቶቹ ይይዝና የሚነዳው እሱ ይመስለው ነበር። ፈረሰኛ ይወጣዋል ብዬ ስጠብቅ ባሕር ዳር ሄዶ ተማረና አስጎብኚ ሆኖ ቀረ። ሥራው ጣና ላይ እንግዳ በጀልባ እያዞሩ «ይህ እንዲህ ነው፣ ያ እንዲያ ነው» ማለት ነው። በወሬ ደመወዝ ይበላል እንዴ እያልሁ ስቄበታለሁ። እሱም አብሮኝ ይስቃል፤ ደግ ልጅ ነው።

አንድ ቀን ደወለ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ የሰማሁት «አባባ» የሚለውንና «ሽማግሌ» የሚለውን ብቻ ነው። ደጅ ወጥቼ ጉብታው ላይ ቆምሁና አንዱን ጆሮዬን ደፍኜ አዳመጥሁ። የሚያገባትን አግኝቷል። እሰይ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

«ከየት ናት?» አልሁት።

«ከደቅ ናት።»

«ደቅ የማን አገር ነው?»

«ደሴት ነው፣ አባባ። ጣና መሃል።»

አባቷ ከዚያ በፊት ከየብስ የሄዱ ሽማግሎችን ደጋግሞ መልሷል አሉ። ምክንያቱን የሚያውቅ የለም። «እርስዎ ካልሄዱልኝ ሌላ ሰው የለኝም» አለኝ። ይህ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አንድ ነገር ለምኖኝ አያውቅም። ጫማ እንኳ ሲያልቅበት አይናገርም ነበር፤ እኔው ነበርሁ እግሩን አይቼ የምገዛለት። እና ምን ልበል? «እንሄዳለን» አልሁ።

ሦስት ሆነን ተነሣን፤ እኔ፣ የነፍስ አባቴ ቄሱ፣ እና ዳንግላ የሚኖረው የፈረስ ጓደኛዬ። ይህ ጓደኛዬ ጉልበቱ ከደከመ ወዲህ ጋሪ እያሠራ ይኖራል፤ ምላሱ ግን አልደከመም። ከእንጅባራ በሚኒባስ ተነሥተን ዳንግላ ላይ እሱን ስንጭነው ገና ሳይቀመጥ «ዋና የሚችል አለ?» ብሎ ጀመረን።

የእህቴ ልጅ ባሕር ዳር መናኸሪያ ቁሞ ጠበቀን። ለፈረንጅ የሚያደርገውን ሁሉ ለእኛም አድርጎ ነው የጠበቀን ለካ። «የሁለት ቀን ፕሮግራም አውጥቼላችኋለሁ» አለ። ሽምግልና በፕሮግራም! ሐይቁ ዳር ዛፍ ያለበት ማረፊያ አስገባን፤ ከሰዓት በኋላ ዳር ዳሩን እያዞረ አስጎበኘን። ከአፉ ሥር ከረጢት ያንጠለጠለ ነጭ ወፍ አሳየን። ዓይንና ጆሮውን ብቻ አውጥቶ የተኛ ጉማሬ አሳየን።

«ይህ ከብት ጀልባ ይገለብጣል?» አለ ጓደኛዬ።

ልጁ ሥራው ነውና እውነቱን ተናገረ። «አልፎ አልፎ ነው።»

ቄሱ አማተቡ። እኔ በአዊኛ አንድ ነገር አልሁ፤ ቄሱ እንዳልሰሙ ሆኑልኝ። ማታ የተጠበሰ ዓሣ ከነራሱ ቀረበልንና ጓደኛዬ «አፍጥጦብኛል፣ አዙሩልኝ» አለ። ሳቅን፣ በላን፣ ደስ ብሎን አመሸን። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ትዝ ያለኝ አልጋ ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጀልባው ዘንድ ወረድን። የሚያንሳፍፍ ብርቱካንማ ሰደርያ አስለበሱን። ቄሱ በጋቢያቸው ላይ ደርበው መስቀላቸውን በላዩ አወጡት፤ አምሮባቸው ነበር። ስንነሣ ደህና ነበርን። ልጁ ፊት ለፊታችን ቁሞ በቀኝ ያለውን ደሴት፣ በግራ ያለውን ገዳም እየጠቆመ ያስረዳል። እኔ አንዱንም አልሰማሁ፤ ዓይኔ የጀልባውን ወለል እየጠበቀ ነው።

ኋላ ነጂው ጀልባውን ወደ ግራ አጠፈ። ፈረስ ሲታጠፍ ሰውነትህን ወደ ታጠፈበት ትጥላለህ፤ ይህን ማንም አያስተምርህም፣ ከእናትህ ሆድ ይዘኸው ትወጣለህ። ሦስታችንም በአንድ ልብ፣ ባለን ክብደት ሁሉ ወደ ግራ ተዘነበልን። ጀልባውም አብሮን ተዘነበለ። ውሃው ዘሎ ፊታችን ላይ መጣ። እኔ ደግሞ ይባስ ብዬ ያገኘሁትን ገመድ እንደ ልጓም ግጥም አድርጌ ሳብሁ።

«ኧረ በሥላሴ! ወደ መሃል! ወደ መሃል!» ጮኸ ነጂው። «ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ?»

«ፈረሰኞች ነን!» አለ ጓደኛዬ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

ከዚያ በኋላ ነጂው ሲያጥፍ አስቀድሞ «አባቶች፣ ንቅንቅ እንዳትሉ!» ይለን ነበር። እኛ ግን ሰውነታችን አልሰማ ብሎ በታጠፈ ቁጥር እንዘነበላለን። እንዲህ እያልን ደቅ ደረስን። መሬት ረግጬም መሬቱ ይወዛወዝብኛል።

በወጉ የሚያገባው ልጅ አይሄድምና የእህቴ ልጅ ጀልባው ዘንድ ቀረ። ጋቢዬን አስተካከለልኝ። አስተካክሎ ሲጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ያን ሳይ የራሴን ፍርሃት ረሳሁት።

የልጅቱ አባት እኩያዬ ነው። ማሳው ላይ ዘርቶ፣ ሐይቁ ላይ ዓሣ አጥምዶ የሚኖር፣ መቅዘፊያ ክንዱን እንደ ግንድ ያደረገለት ሰው። ሚስቱ ሞታበት ከአንዲት ልጁ ጋር ይኖራል። በሩ ላይ ሲያየን ለምን እንደመጣን ገብቶታል፤ ከባሕር ማዶ ሦስት ጋቢ ለባሽ ለሌላ ለምን ይመጣል?

የሽማግሌ ወጉ የታወቀ ነው። የመጣበት ጉዳይ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ተቀመጡ ይሉታል፣ እምቢ ይላል፤ ይለምኑታል፣ እምቢ ይላል። ጉልበቱ ይኸው ነው፤ ቁሞ ያስጨንቃል። ቃል ተናጋሪው ደግሞ እኔ ነኝ።

«ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ» አለ ሰውየው ለወጉ ያህል።

መሬቱ አሁንም ተወዛወዘብኝና ዘጭ ብዬ ተቀመጥሁ።

ጓደኛዬ ያየኝን አስተያየት እስካሁን አልረሳውም። ቄሱ ደግሞ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «እሱ ውሃ መትቶት ነው፤ እኛ ግን እንዳዩን ቆመናል» አሉ። በመጋረጃው ወዲያ የሴት ሳቅ ሰማሁ። ልጅቱ ነበረች። ሳቋ ደስ ይላል፤ ልጄ ምን እንዳገኘ የገባኝ ያኔ ነው።

ከተቀመጥሁ ወዲያ ምን ይደረግ? እዚያው ሆኜ ተናገርሁ። «ልጅዎን ለልጃችን፣ እርስዎንም ለዘመድነት ፈልገን መጥተናል።»

«እግዜር ያክብርልኝ» አለ። «ዘመድ አማክሬ እመልሳለሁ። በሁለት ሳምንት ተመለሱ።»

ይህ ደግ መልስ ነው። በአገሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚባለው፤ የመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን የጠላ ነው። እጅ ነስቶ መውጣት ነበር የቀረን።

«አልመለስም!» አልሁ።

ጓደኛዬ በተረከዙ ረገጠኝ፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። «ጌታዬ፣ እውነቱን ልንገርዎ። ያን ውሃ ፈርቼዋለሁ። ዛሬ ስመጣ ሞቼ ነው የመጣሁ፤ ስመለስም እሞታለሁ። ሁለተኛ አያምጡኝ። መልሱን ዛሬውኑ ይንገሩኝ» አልሁት። ይህን ስናገር ጓደኛዬ ለፈረሰኛው ሁሉ እንደሚያወራብኝ አውቄያለሁ። ያውራ።

ሰውየው ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሳቀም፤ ፊቱ ጠቆረ።

«እንግዲያውስ መልሱ ይኸው፤ አልሰጥም» አለ። «ከማዶ የመጡትን ሁሉ የመለስሁት ስለዚህ ነው። እኔ ልጅ የምድረው ዘመድ ላገኝ ነው። ስታመም ማን ይጠይቀኛል? ስሞት ማን መጥቶ ያለቅስልኛል? ዘመዶቼ ውሃ ፈርተው ባሕር ዳር ቁመው ሊያለቅሱ ነው? አንድ ልጅ ናት ያለችኝ።»

በኩራት የመለሳቸው መስሎኝ ነበር። ለካ ብቻውን እንዳይቀር ፈርቶ ነው። አንጀቴን በላው። ደግሞም ትክክል ነው፤ እኔም ብሆን እንዲያ እላለሁ። በአንድ ቃሌ የልጄን ትዳር አፈረስሁት፤ እሱ ደግሞ ጀልባው ዘንድ ሆኖ እኔን እየጠበቀ ነው። ምን ብዬ ነው ዓይኑን የማየው?

«ይፈትኑኝ» አልሁ።

«በምን?»

«በወደዱት።»

ተነሥቶ ወጣ። ተከተልሁት። ዳር ላይ ታንኳው ተጎትቶ ተቀምጧል፤ ደንገል ከሚባል የሐይቅ ቄጠማ ታስሮ የተሠራ፣ ጀልባ ማለት እንኳ የሚከብድ ነገር። ገፍቶ ውሃ ላይ አደረገውና «ይውጡ» አለኝ። ወጣሁ። ቄሱ ከዳር ሆነው ጸሎት ጀመሩልኝ፤ የትኛውን ጸሎት እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ውሃው ደንገሉን ሰርስሮ ሱሪዬን አራሰው።

«ውሃ ገባ!» አልሁ።

«አልገባም። እኛ ነን የገባንበት» አለኝ። ከዳር ራቅ እንዳልን አንቱታውን ተወው። «ወደ ውሃው አትይ። እኔን እየኝ።»

እሱን አየሁት። መሃል ደርሶ መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋደመ። ነፋስ የለም፤ የልቤን ምት እሰማለሁ።

«ታምሜአለሁ ብዬ ብልክብህ ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ።»

«ማዕበል ቢሆንስ?»

«ብሆንም እመጣለሁ… ቢሆንም እመጣለሁ።» ምላሴ ተሳሰረ።

«ፍርሃቱንስ ምን ታደርገዋለህ?»

ልዋሸው አልፈለግሁም። «እሱም ይመጣል» አልሁት። «አብረን እንመጣለን።»

ያኔ ሳቀ። ታንኳው እስኪነቀነቅ ሳቀና እኔ እጁን ይዤ «ኧረ ተው! አትሳቅ!» እያልሁ ለመንሁት። እንባውን በክንዱ ጠረገና «በል፣ ልጄን ለልጅህ ሰጥቻለሁ» አለ።

«እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ወደ መሬት መልሰኝ።»

ለእህቴ ልጅ ስነግረው ወድቆ ጉልበቴን ሳመ። አነሣሁትና ተያይዘን አለቀስን። ጓደኛዬ «ሽማግሌው ተቀምጦለት ያገባ ልጅ» ብሎ ስም አወጣለት፤ ነጂውም በመልሱ ጉዞ ሦስታችንን መሃል ላይ አጣብቆ አስቀመጠን። ሠርጉም ደመቀ። አማቻችን፣ የልጅቱ አባት፣ ለቅልቅል እኛ ዘንድ መጥቶ ፈረስ ላይ ስናወጣው የጮኸውን ጩኸት ጥሊሊ ድረስ ሳይሰሙት አልቀሩም።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከደቅ ተደወለ። የጎረቤት ድምፅ ነው፤ «አማችዎ ታመዋል፣ ይምጡ ብለዋል» አለኝና ኔትወርኩ ሄደ። የተጋቡት ልጆቻችን ለሥራ ርቀው ሄደዋል። ያንኑ ቀን ባሕር ዳር ገባሁ፤ በማግስቱ እህልም ፍየልም ሰውም ከሚጭነው ትልቅ ጀልባ ላይ ወጣሁ። እኩለ መንገድ ላይ ነፋሱ ተነሣ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ማዕበሉ ያነሣናል፣ ይፈጠፍጠናል። የማን እንደሆነች የማላውቃት ፍየል አንገት አቅፌ እግዜርን ለመንሁት፤ እሷም እንደኔው ትጮኻለች። እኔ ግን ከውሃው ይልቅ ሳልደርስበት ይሞታል ብዬ ነበር የምሠጋው። ወድጄዋለሁ ይህን ሰው።

ስደርስ ሮጥሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ እርጥብ ጋቢዬን እየጎተትሁ ሮጥሁ። እሱ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ደንገል ያስራል። ፊቱ ወዝቷል።

«አልታመምህም እንዴ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን።»

«አንተ ሰውዬ!» አልሁ። ደሜ ፈላ። «በዚህ ማዕበል! አንጀቴ ወጥቶ! ከፍየል ጋር ተቃቅፌ! ምነው፣ ምን በደልሁህ?»

ደንገሉን አስቀመጠና ብድግ ብሎ ትከሻዬን ያዘኝ። «ለልቅሶዬ እንደምትመጣማ አውቃለሁ» አለኝ። «ግን ሞቼ በምን ዓይኔ አይሃለሁ?»