ቲነር የሚበላው ሳጥን

መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ በር፣ መስኮትና አልጋ የሚሠራ የብረታ ብረት ቤት ቀለም ረጪ ሆኜ ገባሁ። በመጀመሪያው ቀን ቀለም የምናቀጥንበት ቲነር ሽታ የሚበር ዝንብ ይጥል ነበር። እስከ ምሳ ሦስት አለቃ ታየኝ፤ የነበረን ግን አንድ ነው።

ከአጥራችን ጀርባ መሪጌታ ጥበቡ ቅኔ ያስተምራሉ። በግንቦት መጥተው በራችን ላይ ቆሙ።

«አንተ፣ ልጆቼ ቅኔ ሊቆጥሩ ሲቀመጡ ራሳቸውን ያዞራቸዋል። እስከ ፍልሰታ ሽታው ካልተወገደ ቤቱ ይታሸግልኝ ብዬ ማመልከቻ ጽፌያለሁ።»

«በቅኔ ነው የጻፉት መሪጌታ?»

«በአማርኛ። እንዲገባችሁ ብዬ።»

ስድስት ሠራተኞች ነበርን፤ ሌላ ሥራ ያለው የለም።

አለቃችን ሰላማዊት የምትባል ወጣት መሐንዲስ አመጣ። እሷ የገጠመችው ማራገቢያ የቲነሩን ትነት በቱቦ ስቦ፣ እርጥብ ብስባሽ ኮምፖስት በሞላው ትልቅ ሳጥን ሥር ይነፋዋል። ኮምፖስቱ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ትነቱን እየበሉ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያደርጉታል።

«ይህን ሁሉ ቲነር ወስዶ የማይሰክር ፍጥረት አለ?» አልኋት።

«አለ ጋሼ። አየርና እርጥበት ብቻ አይከልክሏቸው።»

ሳጥኑን የሞላሁት እኔ ነኝ። የስማዳ ገበሬ ልጅ ነኝና ለስላሳ አፈር ሳይ እግሬ አያርፍም። ኮምፖስቱን ረግጬ ደለደልሁ፤ ላዩን በእበት ለቀለቅሁት። ጤፍ ቢወቃበት አንዲት ፍሬ አትጠፋም!

ማራገቢያው ሲበራ አየሩ ማለፊያ አጣ። ትነቱ በቱቦው መገጣጠሚያ አፈትልኮ በቀጥታ ወደ መሪጌታ ሄደ።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው ይሄ?» አለች ሰላማዊት እበቱን እያየች።

«አውድማ።»

«ማን ሊወቃበት?»

አካፋዬን አነሳሁ።

ሁሉንም ዘረገፍነው። ከባሕር ዛፍ ፍቅፋቂና ፍሬው ተፈልፍሎ ከተሰባበረ የበቆሎ ቆረቆንዳ ጋር ቀላቅለን፣ አየር እንዲያልፍበት ሳንረግጥ መለስነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሽታው ያው ነው። «ባክቴሪያዎቹ እስኪለምዱት ነው» አለች ሰላማዊት። በየጠዋቱ ኮምፖስቱን በእጄ እጨብጣለሁ፤ ደረቅ ካለ ውሃ አርከፈክፋለሁ። ለሚስቴ እንዲህ ተጨንቄ አላውቅም፤ እሷም ነግራኛለች። ሰኔ ሲጋመስ ሽታው እየሳሳ ሄደ።

በፍልሰታ ዋዜማ መሪጌታ መጡ። እኔ ቀለም እየረጨሁ፣ እሳቸው ሳጥኑ ላይ ጎንበስ ብለው ደጋግመው አሸተቱ።

«ዝናብ የነካው መሬት ይሸታል» አሉ።

«ማመልከቻውስ?»

«ትናንት ልጆቹን ጠየቅኋቸው። ራሱን ያዞረው የለም። ቀድጄዋለሁ።»

አዲስ ቀለም ረጪ ሲቀጠር የማሳየው ይህን ነው፦ ኮምፖስቱ አይረገጥም። ጠዋት እርጥበቱ በእጅ ይታያል፤ ማራገቢያው ይበራል፤ ቀለም የሚረጨው ከዚያ በኋላ ነው።